ለጥምቀትና ለሰሜን ተራሮች የሚሆን ቀላል የካሜራ ቦርሳ

እህቴ፣ አንድ ካሜራና ሁለት ሌንስ ይዘሽ ለጥምቀት ጎንደር፣ ከዚያም ሰሜን ተራሮች ለመውጣት የትኛው ቀላል የጀርባ ቦርሳ እንደሚሻል ጠይቀሻል። ከመግዛትሽ በፊት ባዶውን አስመዝኚው። ለካሜራ ተብለው ከተሠሩት ብዙዎቹ ምንም ሳይገባባቸው 2 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። እኔ የምመርጠው 25 ሊትር የሚይዝ ተራ የጉዞ ቦርሳ ነው፤ ውስጡ ስፖንጅ ያለው የካሜራ መያዣ አስገቢበት። ምሳና ጃኬትም ይችላል።

ከሁሉም በላይ የወገብ ቀበቶውን እይ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ ያለው የጨነቅ ካምፕ ከፍታው ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥር ክብደቱ ትከሻሽን ትቶ ዳሌሽ ላይ ማረፍ አለበት። ቀጭን ጨርቅ ብቻ የሆነ ቀበቶ ይህን አይሠራም፤ ወፈር ያለና ጠንካራ ይሁን። ከባዱን ሌንስም ወደ ጀርባሽ አስጠጊው።

ጥር 11 ጠዋት በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ዙሪያ ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቆመው። ዚፑ ወደ ጀርባሽ በኩል የሚከፈት ከሆነ ኪስ አውላቂ አይደርስበትም። ጠበሉ ሲረጭ ደግሞ ማንንም አይመርጥም፤ በጋ ነው ብለሽ የዝናብ መሸፈኛውን ቤት እንዳትተዪው። ወደ ተራሮቹ ስትሄጂም መንገድ ላይ ከአቧራ ይከላከልልሻል።