መልስ፦ ገበሬው በሰንሰለት የቆለፈው የእግር መንገድ

ገበሬው በመሬቱ የሚያልፈውን የእግር መንገድ በር በሰንሰለት ስለቆለፈብህ ምን ላድርግ ብለህ ጠይቀሃል። ስለቆለፈው ብቻ መንገዱ የእሱ አይሆንም። መጀመሪያ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ዘንድ ያለውን የሕዝብ መተላለፊያዎች ሕጋዊ ካርታ እይ። መንገዱ እዚያ ላይ ካለ ፎቶ አንሳና ቦታውን ጠቅሰህ ለካውንስሉ ጻፍ፤ ማስከፈት የእነሱ ግዴታ ነው።

ከሌለ ግን ሥራው ያንተና የሰፈሩ ሰዎች ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የ1980ው የመንገድ ሕግ መሠረት፣ ሕዝብ ሳያስፈቅድ፣ ሳይደበቅና ጉልበት ሳይጠቀም 20 ዓመት ሳያቋርጥ የተመላለሰበት መንገድ የሕዝብ ነው፤ ባለመሬቱ ለሕዝብ የመተው ሐሳብ እንዳልነበረው ካላስረዳ በቀር። 20 ዓመቱ የሚቆጠረው በሩ ከተቆለፈበት ቀን ወደ ኋላ ነው።

«እኔ የሄድኩበት 6 ዓመት ብቻ ነው» ብለሃል። ችግር የለም፣ ከጎረቤቶችህ ጋር ይደመራል። ጠዋት ጠዋት ውሻ የሚያንሸራሽሩትን ሽማግሌዎች ጠይቅ፤ ከማንም በላይ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱ ከመቼ ጀምሮ፣ በየት በኩል፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሄደ ጽፎ ይፈርም። ከዚያ መንገዱ ካርታው ላይ እንዲገባ ለካውንስሉ ታመለክታላችሁ። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ከአሁኑ እወቀው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ባለመሬቱ «ፈቅጄልሃለሁ፣ እለፍ» ሲለኝ በጨዋ ደንብ «አመሰግናለሁ» ብዬ በኢሜይል መለስኩ። በፈቃድ የተሄደ አይቆጠርም፤ ያቺን ኢሜይል በኋላ አወጣብኝ።