የአንባብያን ጥያቄ፦ በኤፍና በጂ ሞተር የሚወነጨፍ ሮኬት

ከዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያና ከሌሎች ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከትንሹ የልጆች ሮኬት ወደ መካከለኛው ስለመሸጋገር የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው። በሲ ሞተር የሚወነጨፉ ትንንሽ ሮኬቶች ሲሠራ ቆይቶ አሁን ከፍ ያለ ኪት (ተገጣጥሞ የሚሠራ የሮኬት ዕቃ) ግዛልኝ ይለኛል። ፈቃድ ያስፈልገናል? ምን ዓይነት ኪትስ ይሻላል? (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የሞተሩ ፊደል አንድ ደረጃ በጨመረ ቁጥር የጉልበቱ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። ኢ እስከ 40፣ ኤፍ እስከ 80፣ ጂ እስከ 160 ኒውተን-ሰከንድ ይደርሳሉ፤ መካከለኛ የሚባሉትም እነዚህ ሦስቱ ናቸው። «ኤፍ50-6» የሚል ሞተር ሲያዩ 50ው አማካይ ግፊቱ በኒውተን ነው፤ 6ቱ ደግሞ ነዳጁ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን የሚያስወጣው ባሩድ እስኪፈነዳ የሚቆየው ሰከንድ ነው።

በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደንብ፣ ሮኬቱ ከነሞተሩ ከ1,500 ግራም፣ ነዳጁ ደግሞ ከ125 ግራም ካልበለጠ፣ አካሉም ከወረቀት፣ ከእንጨትና ከሚሰበር ፕላስቲክ ከተሠራ የተለየ ፈቃድ አይጠየቅም። የብቃት ማረጋገጫ በአብዛኛው የሚመጣው ኤች ላይ ሲደርሱ ነው። የእርስዎ ችግር ግን ሰፈርዎ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከ13 እስከ 15 የባሕር ማይል ገደማ የሚሸፍነው የበረራ ክልከላ ቀጠና የሞዴል ሮኬትንም ይከለክላል፣ አሌክሳንድሪያም እዚያው ውስጥ ናት። ሰፈር ሜዳ ላይ እንዳትሞክሩት። ከቀጠናው ውጭ የሚያስወነጭፍ የናሽናል አሶሲዬሽን ኦፍ ሮኬትሪ ክለብ ፈልጉ። የማኅበሩ የደኅንነት መመሪያ ለእነዚህ ሞተሮች ቢያንስ 300 ሜትር ስፋት ያለው ሜዳ ስለሚጠይቅ የትምህርት ቤት ኳስ ሜዳ በምንም መልኩ አይበቃም።

ለመጀመሪያ ጊዜ 66 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ 29 ሚሊሜትር ሞተር የሚቀበልና የ3 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ክንፍ ያለው ኪት ይግዙ። ክንፎቹ በቱቦው ስንጥቅ አልፈው የሞተሩን ቱቦ የሚነኩ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ከላይ ብቻ የሚለጠፍ ክንፍ ለጂ ሞተር አይሆንም። ሞተሩን ገዝተው የሚያስቀምጡት ደግሞ እርስዎ ይሁኑ።

ልጅዎ በቡድን መሥራት ከወደደ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች የሚካሄድ አሜሪካን ሮኬትሪ ቻሌንጅ የሚባል ውድድር አለ። ጥሬ እንቁላል ሳይሰበር ወጥቶ መመለስ አለበት። የመጨረሻው ዙር የሚካሄደው ቨርጂኒያ ውስጥ ዘ ፕሌንስ አጠገብ፣ ግሬት ሜዶው ነው። በትምህርት ቤቱ ቡድን ከሌለ መምህሩን ይጠይቁ፤ በጣም የምንደግፈው ነገር ነው።

ክንፎቹ ሲያርፍ ሁለት ጊዜ ተገነጠሉብን። የተጠቀምነው የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ ነው። ጠንካራ ነው ተብሎ አልነበር? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የተገነጠለውን ክንፍ ገልብጠው ሥሩን በደንብ ይዩት። ከሙጫው ጋር ስስ የወረቀት ቆዳ ተልጦ ከመጣ ጥፋቱ የኢፖክሲው አይደለም። የካርቶኑ ቱቦ ላዩ የሚያብለጨልጭ ሽፋን አለው፤ ኢፖክሲው የያዘው ያንን ሽፋን ብቻ ነው፣ ወረቀቱ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ሙጫ የሚነካውን ቦታ ሁሉ፣ የሞተሩን ቱቦ ጨምሮ፣ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አብለጭላጭነቱ ጠፍቶ እስኪሻክር ድረስ ይፈግፍጉት።

ቀጥሎ ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ የኪት መመሪያ የሞተሩን ቱቦ በትልቁ ቱቦ መሐል የሚይዙትን ሁለቱንም ቀለበቶች በሞተሩ ቱቦ ላይ አጣብቃችሁ አስገቡ ይላል። እንደዚያ ከሆነ የክንፉ ሥር ውስጥ ተዘግቶ ይቀርና በእጅዎ አይደርሱበትም። የፊተኛውን ቀለበት ብቻ ያጣብቁ፤ የኋለኛውን ሳይጣበቅ ቱቦው መሐል መስመሩን እንዲጠብቅ ብቻ ያስገቡት። ክንፎቹ ቆመው ሲደርቁ ቀለበቱን ያውጡና በረጅም እንጨት ከውስጥ በኩል የክንፉንና የሞተሩን ቱቦ መገናኛ፣ ከዚያም የክንፉንና የውጭውን ቱቦ መገናኛ ኢፖክሲ ይሙሉት። ቀለበቱ የሚጣበቀው በመጨረሻ ነው። እንዲህ ሲሠራ እያንዳንዱ ክንፍ በአራት የውስጥና በሁለት የውጭ መስመር ተይዟል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የ5 ደቂቃው ይቅርብዎ፤ ሳያስተካክሉት ይይዛል፣ ሲደርቅም ቶሎ ይሰነጠቃል። የ30 ደቂቃውን ይጠቀሙ። ለውጩ መስመር ከመገናኛው በሁለቱም በኩል 7 ሚሊሜትር ያህል ትተው የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ ቱቦውን አጋድመው ኢፖክሲውን ያፍስሱና ጓንት ባደረገ ጣት፣ አልኮል ነክረው፣ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ይሳቡት። ፕላስተሩን ሙጫው ሳይደርቅ ያንሱት። በአንድ ጊዜ የሚሠራው ወደ ላይ የዞረው መስመር ብቻ ነው፤ ሌላው እስኪዞር ድረስ ይጠብቃል።

የእንጨት ኮላም ለወረቀትና ለእንጨት በቂ ነው፣ ቀላልም ነው፤ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ግን ሁለት ሦስት ስስ ዙር ይፈልጋል። ሞተሩን ከኋላ ለሚይዘው የአልሙኒየም ክዳን ብቻ ሙቀት የሚችል እንደ ጄቢ ዌልድ ያለ ኢፖክሲ ያስፈልጋል። ያ ክዳን ከለቀቀ ባሩዱ ፓራሹቱን በመግፋት ፈንታ ሞተሩን ወደ ኋላ ይተፋዋል፣ ሮኬቱም በአፍንጫው ይተከላል።

ሮኬታችን ከነሞተሩ 900 ግራም ይመዝናል። በኤፍ27 ሞተር ስናስወነጭፈው ከማስወንጨፊያው ዘንግ እንደወጣ ወደ ጎን ተኛ። ነፋሱ ነው? (የተማሪዎች ቡድን፣ ከሲያትል)

ነፋሱ አጋለጣችሁ እንጂ ምክንያቱ ግፊቱ ነው። 900 ግራም ማለት 8.8 ኒውተን ክብደት ነው። 27ን ለዚያ ስታካፍሉት 3 ብቻ ይደርሳችኋል፤ ለደኅንነት የሚፈለገው ቢያንስ 5 ነው። ክንፍ ሮኬቱን የሚያቃናው አየር በፍጥነት ሲያልፍበት ነው፤ ለዚህም ዘንጉን ሲለቅ ፍጥነቱ ከ13 እስከ 15 ሜትር በሰከንድ ቢሆን ይመረጣል። የእናንተው፣ ዘንጉ 1.5 ሜትር ያህል ይመራዋል ብንል፣ 8 እንኳ አይሞላም። በኤፍ50 ወደ 12 ይጠጋል፣ እሱም ጸጥ ላለ ቀን ነው። በጂ80 ከ15 ያልፋል። ወይ ሞተሩን ቀይሩ ወይ ሮኬቱን አቅልሉ። ዘንጉም ቢያንስ የ6 ሚሊሜትር ይሁን፤ የትንንሾቹ 3 ሚሊሜትር ዘንግ በዚህ ክብደት ይወዛወዛል።

ሞተሩን ከመቀየራችሁ በፊት ሚዛኑንም ፈትሹ። ሞተሩና ፓራሹቱ ውስጡ እንዳሉ ሮኬቱን በጣት ላይ አመዛዝናችሁ ነጥቡን ምልክት አድርጉ። ይህ ነጥብ፣ የክብደት ማዕከሉ፣ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው የአየር ግፊት ማዕከል ቢያንስ በአንድ የቱቦ ዲያሜትር ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። ካነሰ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ጨምሩና የግፊቱን ስሌት እንደገና ሥሩ።

ፓራሹቱ ወጥቷል፣ ግን ገመዱ ቱቦውን ከአፉ ጀምሮ አንድ ስንዝር ሰነጠቀው። (ከዴንቨር)

ባሩዱ የፈነዳው ሮኬቱ ገና በፍጥነት እየተጓዘ ሳለ ነው። ቀድሞ ሊሆን ይችላል፣ ዘግይቶ ወደ ታች መውረድ ከጀመረ በኋላም ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱ አንድ ነው። ሮኬቱን ከነቀለሙና ከነሙጫው መዝነው ባሩዱ በስንት ሰከንድ መፈንዳት እንዳለበት ኦፕንሮኬት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያስሉት። ኪቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት አይመኑ። ከፋብሪካ ረጅም መዘግየት ይዘው የሚመጡ ሞተሮች በራሳቸው መሰርሰሪያ በ2፣ በ4፣ በ6 ወይም በ8 ሰከንድ ያጥራሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ኪቱ ውስጥ ያለው አጭር ላስቲክ ነው። አውጥተው የሮኬቱን ርዝመት ሦስት እጥፍ በሚሆን የኬቭላር (ሙቀት የሚችል ጠንካራ ክር) እና የናይሎን ገመድ ይተኩት። ገመዱን በዚግዛግ አጥፈው በየጥቅሉ አንድ ዙር የወረቀት ፕላስተር ያስሩበት። ሲወጣ ፕላስተሮቹ በየተራ እየተበጠሱ ግፊያውን ይውጡታል።

ፓራሹቱን ለመምረጥ፣ 850 ግራም የሚመዝን ሮኬት በ5 ሜትር በሰከንድ እንዲወርድ 95 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ከዚያ ማስፋት ይጎዳል። ከ300 ሜትር ከፍታ ለመውረድ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ነፋሱ 5 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ሮኬቱ ከተከፈተበት ቦታ 300 ሜትር ርቆ ያርፋል፣ የሜዳው ስፋት በሙሉ ማለት ነው። ፓራሹቱን እሳት በማይበላው ጨርቅ ጠቅልለው፣ ፓውደር ነስንሰው፣ ሊያስወነጭፉ ሲሉ ብቻ ይጠፉት። የአፍንጫውን ጥብቀት ለማወቅ አፍንጫውን ይዘው ሮኬቱን ያንሱ። መያዝ አለበት፤ ትንሽ ሲነቀንቁት ደግሞ መንሸራተት አለበት።

ማቀጣጠያው ጭስ ብቻ አውጥቶ ቀረ፣ ሞተሩ አልተነሣም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እነዚህ ሞተሮች የሚለኮሱት ከላይኛው ጫፍ ነው። ማቀጣጠያው እስኪነካ ድረስ ወደ ውስጥ ካልገባ ነዳጁ ከታች በኩል ብቻ ይነካካና ይጠፋል። ርዝመቱን ከሞተሩ ውጭ ለክተው ሽቦው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ምልክቱ ከሞተሩ አፍ ጋር እኩል ሲሆን ከሞተሩ ጋር በሚመጣው የፕላስቲክ ክዳን ወይም በፕላስተር ያስሩት፣ ግን አፉን አይድፈኑት። መቆንጠጫዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፣ እርስ በርሳቸውም እንዳይነካኩ። ባትሪው 12 ቮልት ይሁን። ካልተነሣ ቁልፉን ነቅለው 60 ሰከንድ ሳይሞላ ማንም አይጠጋ። በማስወንጨፊያው ጊዜም ሁሉም ሰው ቢያንስ 9 ሜትር ይራቅ።

ለወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ኪቱን ከነሞተሩ ይዤለት ልሂድ አስቤ ነበር። (ከአትላንታ)

ኪቱን ይዘውለት ይሂዱ፤ ሞተሩንና ማቀጣጠያውን ግን በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው አይውሰዱ፤ በአሜሪካ ኤርፖርት ሁለቱም ክልክል ናቸው። ልጁ ሮኬት መማር ከፈለገ በባለ 2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሠራ የውሃ ሮኬት አለለት። አንድ ሦስተኛውን ውሃ ይሙላ፣ በብስክሌት መንፊያ ከ4 ባር ሳያልፍ ይንፋው፣ የተጫረ ወይም የተቆለመመ ጠርሙስ አይጠቀም፣ ማስለቀቂያውንም ረጅም ገመድ አስሮ ከሩቅ ይሳበው። የኮምፔንሳቶ ክንፎቹንና አፍንጫውን በትልቁ ኪት መመሪያ መሠረት መሥራት ይችላል፤ የክብደት ማዕከሉ ሕግም ያው ነው።