ሁለት ጭራ ስላየሽ ብቻ ስቶንፍላይ ነው አትበይ

እህቴ፣ ከጎንደሩ አንገረብ ወንዝ ላይኛው ክፍል፣ ከድንጋይ ሥር ያገኘሽውን ባለ ሁለት ጭራ እጭ «ስቶንፍላይ ብዬ ልመዝግበው?» ብለሻል። ስቶንፍላይ እጩ ንጹህ ወራጅ ውኃ የሚሻ ነፍሳት ነው፤ ሜይፍላይ ደግሞ እጩ እሱን የሚመስል ሌላ የውኃ ነፍሳት ነው። ገና አትመዝግቢው። ከጀርባው የተነሳ ፎቶ ወሳኙን ነገር አያሳይም፤ በዚያ ፎቶ ስም የሚያወጡትንም አትመኛቸው።

1. እጩን በጀርባው አስተኝተሽ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር የእግሩን ጫፍ እዪ። ስቶንፍላይ በየእግሩ ሁለት ጥፍር አለው፤ ሜይፍላይ አንድ ብቻ።

2. ስንጥቡን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚተነፍስበትን፣ ፈልጊ። በሆዱ ግራና ቀኝ ከተደረደረ ሜይፍላይ ነው፣ አበቃ። እኛ ዘንድ የሚጠበቀው ስቶንፍላይ ከፐርሊዴ ቤተሰብ የሆነው ኒዮፐርላ ነው፤ የሱ ስንጥብ ጭፍርፍር ብሎ ከደረቱ ሥር፣ ከእግሮቹ መነሻ ይወጣል። ከኢንተርኔት የወረደ የአውሮፓ ነፍሳት መለያ መመሪያ ግን ከሰሃራ በታች የሌሉ ቤተሰቦችን እየደረደረ ያደክምሻል።

3. ጭራውን በመጨረሻ እዪ። የሜይፍላይ ሦስት ጭራ ቀጭን ስለሆነ በወረንጦ ሲያዝ አንዱ ይሰበርና ሁለት ይቀራል። በዚያ ላይ የሜይፍላይ ወገን ከሆነው ከቤቲዴ ቤተሰብ ከተፈጥሮው ባለ ሁለት ጭራ የሆነ አለ። ስለዚህ በለስላሳ ብሩሽ አንሺው።

ይህ ስህተት ትንሽ እንዳይመስልሽ። የወንዝን ንጽህና በውስጡ በሚኖሩ ትንንሽ እንስሳት በሚለካው፣ አማካዩ ከፍ ሲል ውኃው ንጹህ ነው በሚባልበት በደቡብ አፍሪካው ሳስ 5 መመዘኛ ፐርሊዴ 12 ነጥብ ሲያገኝ አንድ ዓይነት ቤቲዴ ብቻ ከተገኘ 4 ነው። ስድስት ቤተሰብ አግኝተሽ ድምሩ 24 ቢሆን አማካዩ 4 ነው። ያንን አንዱን ቤቲዴ ፐርሊዴ ብትዪው ድምሩ 32፣ አማካዩ 5.3 ይሆናል። የቆሸሸው ወንዝ በወረቀት ላይ ጸዳ ማለት ነው! ከከተማው በታች፣ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ቦታ «ስቶንፍላይ» ከወጣልሽማ ጥፍሩን ደግመሽ እዪ።

ናሙናውን በክረምት ጎርፍ አትውሰጂ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል። ወንፊቱ 0.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይኑረው። ድንጋዩን ከወንፊቱ በላይ፣ ውኃው ከሚመጣበት በኩል በእግርሽ አተራምሺው።

ማቆያው 70 በመቶ አልኮል ነው፦ 73 ሚሊ ሊትር ባለ 96 በመቶ ላይ ውኃ ጨምረሽ 100 ሙዪው። አረቄ ይበቃል የሚሉሽን አትስሚ፣ ዳግም እንኳ ቢሆን ያንሳል። ከእጮቹ የሚወጣው ውኃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግስቱ ቀይሪው። ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፈሽ ብልቃጡ ውስጥ ክተቺ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።