አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ የሣር ማጨጃ

የሣር ማጨጃዎ አዲስ አበባ ላይ ለምን ጥቁር ጭስ እንደሚያወጣና ረጅም ሣር ውስጥ ሲገባ እንደሚጠፋ ጠይቀዋል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ቤንዚን በዝቶበት ነው። ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ያመጡት ስለሆነ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ በቂ አየር ስለማያገኝ በደንብ አይቃጠልም። ጭሱም፣ ረጅም ሣር ውስጥ ሲገባ ታፍኖ መጥፋቱም ከዚያ ነው።

ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትተው ይዩት። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነገሩ ይኸው ነው። የቆሸሸ የአየር ፊልትሮም ተመሳሳይ ጭስ ስለሚያመጣ አስቀድመው ያጽዱት። ከዚያ በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ባለቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ፣ ለከፍተኛ ቦታ በተሠራውና ቀዳዳው በጠበበው ያስቀይሩ። ዝቅ ባለ ቦታ፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ ላሉ ዘመዶች ካዋሱት ግን የቀድሞውን ይመልሱ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።

ከተቀየረም በኋላ የቨርጂኒያውን ጉልበት አይጠብቁ። የሆንዳ መመሪያዎች በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይገልጻሉ። የነሐሴን ሣር በአንድ ዙር ለመጨረስ አይሞክሩ፤ መጀመሪያ ምላጩን ከፍ አድርገው፣ ቀጥሎ ዝቅ አድርገው ይጨዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሥር የተጣበቀውን ሣር ከመጥረግዎ በፊት የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ። እኔ ሞተሩ ጠፍቷል ብዬ ምላጩን በእጄ ሳዞረው በድንገት ተነሥቶ ወፍራም የቆዳ ጓንቴን ከአውራ ጣቱ ሥር ቀዶታል። ሲያጋድሉትም ፊልትሮው ወደ ላይ ይሁን፤ ዘይት ከጠጣ ሌላ ጭስ ይጀምርዎታል።