ለመንገድ ላይ ፈተና የሚዘጋጁ አንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም ለመንጃ ፈቃድ የመንገድ ላይ ፈተና ስለ መዘጋጀት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱን እንመልሳለን። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ ዋና ሐሳባቸውን ብቻ አስፍረናል። መልሱን የምሰጠው ለብዙ ዓመታት ከሰልጣኞች ጎን ተቀምጬ ካየሁት በመነሣት ነው።

ጥያቄ፦ የጽሑፉን ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ ባልፍም የመንገድ ላይ ፈተናውን ግን ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ። ከአሰልጣኜ ጋር ስሆን ደህና እነዳለሁ፤ ፈታኙ አጠገቤ ሲቀመጥ ግን እግሬ ይንቀጠቀጣል። ለሁለተኛ ጊዜ የወደቅሁት ረድፍ ስቀይር «ስፖኪዮ አላየህም» ተብዬ ነው፤ እኔ ግን አይቼ ነበር። ለመሆኑ ፈታኙ የሚፈልገው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለት ጊዜ ወድቆ ለሦስተኛ ጊዜ መዘጋጀት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነበው ግን ግማሹ መልስ እርስዎ በጻፉት ውስጥ እንዳለ ተረዳሁ። ስፖኪዮውን ማየትዎን አልጠራጠርም፤ ዋናው ነገር መቼ አዩት የሚለው ነው። ብዙ ሰልጣኞች መጀመሪያ ፍሬቻ ያሳያሉ፣ ከዚያ መሪውን ማዞር ይጀምራሉ፣ የመኪናው ግማሽ አካል ሌላው ረድፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ዐይናቸውን ወደ ስፖኪዮ ይወረውራሉ። በዚያ ሰዓት ከኋላ የሚመጣ ሞተር ሳይክል ቢታያቸው እንኳ የሚለውጡት ነገር የለም፤ ውሳኔው አስቀድሞ ተወስኗል። ፈታኙ እንዲህ ያለውን እይታ እንዳልታየ ቢቆጥረው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የውስጡ ስፖኪዮ፣ ቀጥሎ የሚሄዱበት ጎን ስፖኪዮ፣ ከዚያ ፍሬቻ፣ ከዚያ በትከሻዎ በኩል አጭር እይታ፣ በመጨረሻም መንገዱ ነፃ ከሆነ ብቻ የመሪው እንቅስቃሴ። በትከሻ በኩል መመልከት ለምን እንዳስፈለገ በራስዎ ዐይን ለማየት ከፈለጉ፣ መኪናውን ትራፊክ የሌለበት ሜዳ ላይ አቁመው በሾፌሩ ወንበር ይቀመጡና አንድ ሰው ከኋላዎ ጀምሮ ከመኪናው ጎን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ በዝግታ ወደ ፊት እንዲራመድ ያድርጉ። በውስጡ ስፖኪዮ ይታይዎታል፤ ከዚያ ወደ ጎኑ ስፖኪዮ ይሻገራል፤ ከዚያ ደግሞ ከስፖኪዮው ጠርዝ ወጥቶ በመስኮቱ ከመታየቱ በፊት ለጥቂት እርምጃ ጨርሶ ይጠፋል። ሞተር ሳይክል የሚሰወረው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ይህንን አንድ ጊዜ ያየ ሰልጣኝ በትከሻው መመልከትን ለፈታኙ ሲል የሚያደርገው ነገር አድርጎ አይቆጥረውም።

እይታው በትክክል እንዲሠራ ግን አቀማመጥዎ አስቀድሞ የተስተካከለ መሆን አለበት። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡት ጉልበትዎ በመጠኑ እጥፍ እንዳለ ይቅር፤ ጀርባዎ ከወንበሩ ሳይለቅ እጅዎን ሲዘረጉ የእጅዎ አንጓ የመሪውን የላይኛውን ጫፍ ይንካ፤ በደረትዎና በመሪው መካከልም ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይኑር፤ ኤርባጉ ቢፈነዳ ይህ ርቀት ያስፈልግዎታል። እጆችዎን በሰዓት ገጽ ላይ 9 እና 3 ቁጥር በሚገኙበት ቦታ ያሳርፉ። ወንበር፣ ከዚያ ስፖኪዮ፣ ከዚያ የደህንነት ቀበቶ፤ ወንበሩን ኋላ ካንቀሳቀሱት ስፖኪዮዎቹን እንደገና ማስተካከል ስለሚኖርብዎ ተራው መጠበቅ አለበት።

ብዙዎችን የሚጥል ሌላ ስሕተት ልጨምር። «ቁም» የሚለው ምልክት ባለበት ቦታ በዝግታ ተንከባሎ ማለፍ መቆም አይደለም። ምልክቱ ስምንት ማዕዘን እንዲሆን የተደረገው ጽሑፉ ቢቆሽሽ ወይም ከጀርባው ቢታይ እንኳ በቅርጹ እንዲለይ ነው፤ የሚጠይቀውም ጎማው ጨርሶ ቀጥ እንዲል ነው። ፍሬኑን ሲረግጡ የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ዝቅ ይልና መኪናው ሲቆም ተመልሶ ቀና ይላል፤ ያ ቀና ማለት እስኪሰማዎ ድረስ አልቆሙም።

ወደ እግርዎ መንቀጥቀጥ እንመለስ። ሮበርት የርክስ እና ጆን ዶድሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1908 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አይጦች ቀላል ነገር ሲማሩ ማነቃቂያው በጠነከረ ቁጥር ሲፈጥኑ፣ አስቸጋሪ ነገር ሲማሩ ግን ከልክ ያለፈው ማነቃቂያ እንደሚያጓትታቸው አሳይተዋል። ከአይጥ ወደ ሰው ሲሻገሩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሆኖም በሰልጣኞቼ ያየሁት ከዚህ ጋር ይስማማል። ማርሽ መቀየር ገና ሐሳብ የሚጠይቀው ሰልጣኝ ጭንቀት ሲጨመርበት ማየቱን ያቆማል፤ እግሩና እጁ ሳይታዘዙ የሚሠሩለት ሰልጣኝ ግን እየፈራም ቢሆን ያያል። ስለዚህ ፍርሃቱን ለማጥፋት አይልፉ። ይልቁንም እርስዎ በደንብ የማያውቁት አንድ አሽከርካሪ አጠገብዎ ተቀምጦ፣ «ወደ ቀኝ ታጠፍ»፣ «አቁም» ከማለት በቀር ምንም ሳይናገር፣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲፈትንዎ ያድርጉ። ይህንን በተለያየ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ከደጋገሙት የፈታኙ ዝምታ አዲስ አይሆንብዎትም። በፈተናው መካከል ቢሳሳቱም ወደቅሁ ብለው አይደምድሙ፤ በብዙ ቦታ ትንሽ ጥፋት ለብቻው አይጥልም፤ ስለ ትንሿ ጥፋት ሲያስቡ የሚሠሩት ትልቁ ጥፋት ግን ይጥላል።

ጥያቄ፦ በሜዳ ላይ በጥሩ ሁኔታ እነዳለሁ። ዳገት ላይ ቆሜ ስነሣ ግን ወይ ሞተሩ ይጠፋብኛል፣ ወይ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አሰልጣኜ «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ» ከማለት ሌላ አይነግረኝም። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

መልስ፦ እኅቴ፣ «ቀስ ብለሽ ልቀቂ» የሚለው ምክር ስሕተት ባይሆንም የት ላይ ማቆም እንዳለብዎ አይነግርዎትም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በመጀመሪያ ከእግርዎ በታች ምን እንደሚከናወን እንመልከት። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ቮላኖ በሚባል ከባድ የብረት ክብና በስፕሪንግ በሚገፋ ሌላ ሳህን መካከል ተጣብቆ ይኖራል። ፔዳሉን ሲረግጡት ይላቀቃል፤ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል። ፔዳሉን ሲለቁት ዲስኩ እንደገና ይነካል፣ እየተንሸራተተ ይይዛል፣ በመጨረሻም ተጣብቆ ከሞተሩ እኩል ይዞራል። ሚኒሞ ላይ ያለ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ የሚሠራ ሞተር በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ያህል ዙር ብቻ ስለሚዞር፣ መኪናውንም ዳገቱንም ባንድ ጊዜ ሲያሸክሙት አቅም ያጣና ይጠፋል።

ስለዚህ ማወቅ ያለብዎ ዲስኩ መያዝ የሚጀምርበትን ነጥብ ነው፤ ይህ ነጥብ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ በፈተና በሚቀርቡበት መኪና ላይ መለማመድ ይኖርብዎታል። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሜዳ ላይ ይሁን። ነዳጅ መስጫውን ሳይነኩ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ተረከዝዎን ወለሉ ላይ አሳርፈው ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ይልቀቁ። የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፤ መሪው በእጅዎ ውስጥ ትንሽ ይንዘፈዘፋል፤ መኪናውም እንደ ሰው እርምጃ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ልክ መንቀሳቀስ ሲጀምር መልሰው ይርገጡና ያቁሙት። ይህን ሃያ ጊዜ፣ በማግስቱም ሃያ ጊዜ ይድገሙት። ሶሉ ወፍራም ያልሆነ ጫማ ያድርጉ፤ እግርዎ የፔዳሉን ንዝረት ካልሰማ ይህ ሁሉ ልምምድ ጥቅሙ ያንሳል።

ከዚያ ወደ ዳገት ይሂዱ፤ መጀመሪያ ለስላሳ ዳገት ይምረጡ። የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠው አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ነዳጅ ሰጥተው ሞተሩን በደቂቃ 1500 ዙር ገደማ ላይ ያቆዩት፤ አሁን ፍሪሲዮኑን ሲለቁት ድምፁ ይወርዳል፣ ኮፈኑም ጥቂት ከፍ ይላል። የግራ እግርዎ እዚህ ላይ ይቁም፤ ከዚህ በኋላ ለጊዜው አይንቀሳቀስ። ስፖኪዮዎቹንና ትከሻዎን የሚያዩት በዚህ ፋታ ነው። መንገዱ ነፃ ከሆነ የእጅ ፍሬኑን ያውርዱ። መኪናው ወደ ኋላ ሳይል በቦታው ይቆማል፤ ያኔ ነዳጅ እየጨመሩ ፍሪሲዮኑን ቀስ በቀስ ይጨርሱት። ወደ ኋላ የሚንሸራተቱት የእጅ ፍሬኑን ዲስኩ ከመያዙ በፊት ስለሚያወርዱ ነው፤ ሞተሩ የሚጠፋብዎ ደግሞ ፍሬኑን እንዳወረዱ ደንግጠው የግራ እግርዎን ስለሚያነሡ ነው። ሁለቱ ስሕተቶች የሚመጡት ከአንድ ቦታ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሆኖም መኪናውን በፍሪሲዮን ብቻ ለረጅም ጊዜ ዳገት ላይ አያቁሙት፤ የሚሸት የቃጠሎ ሽታ ከመጣ ዲስኩ እያለቀ ነው።

ሞተሩ በፈተናው ላይ ቢጠፋ የእግር ፍሬኑን ይርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ያስነሡና ዙሪያዎን እንደገና አይተው ይነሡ። ይህ «እንደገና ማየት» የሚዘነጋ ነው፤ በቆሙባቸው ሰኮንዶች አንድ እግረኛ ከመኪናው ፊት ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ በአውቶማቲክ መኪና ብፈተን ይቀለኛል ወይ?

መልስ፦ ይቀላል፤ ፍሪሲዮን የሚባል ጭንቀት ስለማይኖር ሙሉ ሐሳብዎን ለመንገዱ ይሰጣሉ። ነገር ግን በብዙ አገሮች በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ፈቃዱ የሚሰጠው ለአውቶማቲክ ብቻ ስለሆነ፣ ከመመዝገብዎ በፊት ፈቃዱን የሚሰጠውን አካል ይጠይቁ። ወደፊት የሚነዱት መኪና ማኑዋል ከሆነ ዛሬ ያመለጠዎት ድካም ነገ መምጣቱ አይቀርም። በአውቶማቲክ ሲነዱ ፍሬኑንም ነዳጅ መስጫውንም በቀኝ እግር ብቻ ይጠቀሙ፤ የግራው እግር ይረፍ።

ጥያቄ፦ ልጄ በሚቀጥለው ወር ይፈተናል። ፈቃድ ያለኝ አሽከርካሪ ስለሆንኩ አብሬው መለማመድ ይፈቀድልኛል፤ ነገር ግን አብረን በወጣን ቁጥር እንጣላለን። ልረዳው የምችለው እንዴት ነው?

መልስ፦ አባት ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ የሚጣላው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ያየውን ነገር አባት ስለማያውቅ ነው። ከፊት ያለው መኪና የፍሬን መብራት ሲበራ እርስዎ ይጮኻሉ፤ እሱ ግን ቀድሞ አይቶት እግሩን ከነዳጅ አንሥቷል። ስለዚህ እየነዳ የሚያየውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይጠይቁት፦ «ከፊት ዜብራ አለ፤ አንዲት ሴት ልትሻገር ነው፤ ከኋላዬ ሚኒባስ ቀርቦኛል፤ እየቀነስኩ ነው።» ይህ የረቀቀ አነዳድ የሚማሩ አሽከርካሪዎች የሚሠለጥኑበት ዘዴ ነው። እሱ ሲናገር እርስዎ ይረጋጋሉ፤ ዝም ሲል ደግሞ ማየቱን ያቆመበት ቦታ የት እንደሆነ ያውቃሉ። መጀመሪያ እርስዎ እየነዱ ያሳዩት፤ እርስዎም ብዙ ነገር ሳያዩ እንደሚያልፉ መገንዘብዎ አይቀርም፤ ይህም ልጁን በትዕግሥት ለመስማት ይረዳዎታል።

መመሪያ ሲሰጡ ቀድመው ይስጡ። መታጠፊያው ላይ ደርሶ «ታጠፍ» ማለት ልጁ ስፖኪዮ ሳያይ እንዲታጠፍ ማስገደድ ነው። መሪውንም ከአደጋ በቀር አይንኩበት። መንገዱን ይቀያይሩ፤ ፈታኙ ይወስደዋል የተባለውን አንድ መንገድ ብቻ በቃል ማጥናት ልጁን ያታልለዋል፤ መንገዱ በዚያ ቀን ሊቀየር፣ ሊዘጋ ወይም በሰው ሊሞላ ይችላል። በዝናብም፣ በማታም፣ አደባባይ በሚበዛበትም ይነዳ።

አንድ ቀን ደግሞ ከመኪናው ወርዳችሁ ርቀቱን በእግራችሁ ለኩት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰኮንድ ቢወስድበት መኪናው ገና መቀነስ ሳይጀምር 14 ሜትር ሄዷል። ጎማው ደህና ሆኖ አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ ለመቆም በግምት ሌላ 14 ሜትር ይፈልጋል። ይህ ባንድ ላይ 28 ሜትር፣ በመደበኛ እርምጃ 40 ያህል እርምጃ ነው። ልጁ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ እየቆጠረ ይሂድና መጨረሻው ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ይመልከት። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን የሚይዝበት ርቀት አራት እጥፍ መሆኑንም ያን ጊዜ ይንገሩት፤ ቁጥሩ ከመጽሐፍ ሲነበብ እንደማይገባው ያህል እዚያ ላይ ይገባዋል። ከፊቱ ካለው መኪና ጋር ቢያንስ የሁለት ሰኮንድ ርቀት መጠበቅን፣ በዝናብ ደግሞ ወደ አራት ሰኮንድ ማሳደግን ከዚህ በኋላ ራሱ ይጠይቅዎታል።

በፈተናው ዋዜማ አዲስ ነገር አያስተምሩት። የመኪናውን መብራቶች፣ ፍሬቻውንና ጎማዎቹን አብራችሁ እዩ፤ ማስታገሻ ክኒን ሐኪም ካላዘዘለት አይውሰድ፣ ብዙዎቹ ምላሽን ያዘገያሉና። ማታ በጊዜ ይተኛ፤ ጠዋት ደግሞ በሚያውቀው መንገድ ሃያ ደቂቃ ያህል ነድቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ ለእርስዎ ይስጥዎትና ወደ ፈተናው ይግባ።