የመብራት ቆጣሪው የት ይሰቀል? አዳማ ቦኩ ሸነን ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። እዚሁ አዳማ ዳቤ በኩል ቤት ሠርተሽ ጨርሰሻል፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያስገቡልሽ ነው፤ ቦታውን የሚለካው የመብራት አገልግሎት ቀያሽ «ከውጭ በር ላይ ካልሆነ አይሆንም» ብሎሻል፤ አንቺ ደግሞ በረንዳው ላይ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። «መከራከር እችላለሁ ወይ?» ነው ያልሽው። ትችያለሽ። ክርክሩን ግን ዛሬውኑ ጀምሪው። ቆጣሪው ከተሰቀለ በኋላ የተጀመረ ክርክር እኔን 19 ቀን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦኛል።

ስለ ቅጹ፣ ስለ ካርታው ቅጂ፣ ስለ ክፍያው ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ ማንም ያልነገረኝን ብቻ እጽፋለሁ።

1. ቀያሹ ሲመጣ ራስሽ ግቢ ውስጥ ሁኚ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ለጥበቃው «የሚሉህን እሺ በል» ብዬ ወጣሁ። ግቢዬ ያን ጊዜ በቆርቆሮ የታጠረ ነበር፤ የግንቡን አጥር በዓመቱ ልሠራው አስቤ ነበር። ቀያሹ ለመንገዱ ምሰሶ የሚቀርበውን ቦታ መረጠና ቆጣሪው በአንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ተሰቀለ፤ ፊቱ ወደ ምዕራብ። የአዳማን የከሰዓት ፀሐይ ታውቂዋለሽ። ሁለት በጋ ሳይሞላው ማሳያው ጠቆረ። ባለቤቴ ቀሪውን የቅድመ ክፍያ ሂሳብ ለማየት ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ጥላ እየሠራች ታነብ ነበር። ነፋሱም አለ፤ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫውን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ያው ነፋስ በእኛ ሰፈር የቆጣሪውን ሳጥን አቧራ ይሞላዋል። ስለዚህ «የት?» ብቻ ሳይሆን «ፊቱ ወዴት?»፣ «ከላዩ ምን ጥላ አለ?»፣ «ከመሬት ስንት ከፍታ ላይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከቤተሰቡ በቁመት የምታንሰው ሰው መሰላል ሳትፈልግ ካርዱን ማስገባት አለባት። የእኔ እናት 70 ዓመት አልፏቸዋል።

2. ማመልከቻሽን በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ።

የግንቡን አጥር ስጀምር ቋሚው መነሳት ነበረበት። ቆጣሪው በሦስት ሜትር እንዲዛወርልኝ ማመልከቻ ጽፌ ሄድኩ። የጽሕፈት ቤቱን ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ወረቀቴን ተቀበለኝ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር አስገባው፣ «ቀያሽ የለም፣ ከሳምንት በኋላ ተመለስ» አለኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ምልልስ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንተ ብቻ ነህ እንዴ በዚህ ከተማ መብራት ያለህ?» አለኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ለሥራ ከፍዬ፣ ለመብራት ከፍዬ፣ እንደ ለማኝ ቆሜ ነበር።

በዚህ መሃል ግንበኛው በቀን ሂሳብ ይቆጠርብኛል፣ የገዛሁት ሲሚንቶ ይጠጥርብኛል። ጎረቤቴ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አመጣልኝ። «ሦስት ሜትር ናት፣ በግማሽ ሰዓት እጨርሳለሁ» አለ። ጨረሰም። ቆጣሪው እንዳይነካ የታሰረበትን የማኅተም ሽቦ ቆረጠ፣ ቆጣሪውን አዛወረ፣ ማኅተሙንም በፒንሳ ጠምዝዞ መልሶ አሰረው። እኔም አጠገቡ ቆሜ መሰላሉን ያዝኩለት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም።

ከአርባ ቀን በኋላ ተቆጣጣሪዎች መጡ። አንዱ ማኅተሙን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው፣ የተጠመዘዘውን ቦታ በአውራ ጣቱ ጥፍር ፈተሸው። «ይህን ማን ነካው?» አለ። ከዚያ በኋላ የምትናገሪው ነገር ሁሉ የሌባ ንግግር ነው። «ለማዛወር አመልክቼ ነበር» አልኩ። «ቁጥሩን አምጣ» ተባልኩ። ቁጥር የለኝም፤ ማመልከቻዬ ገቢ አልሆነም፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውም አላስታውስህም አለ። ቆጣሪውን ነቅለው ወሰዱት። ቅጣቱና ሌላው ወጪ ተደምሮ የሁለት ወር ደመወዜን በላው። ትልቋ ልጄ ለፈተና በሻማ አጠናች። ባለቤቴ ሊጧን በባልዲ ተሸክማ ጎረቤት ቤት ትጋግር ነበር።

አንድ ቁጥርና አንድ ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጄ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ መልስ ሳይሰጥ የቀረው ወገን እኔ አለመሆኔን አሳይ ነበር። ስለዚህ መስኮቱን እለፊው፤ መዝገብ ቤት ግቢ፤ ቀንና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ሳትይዢ አትውጪ። ቆጣሪውን ማንም እንዲነካው አትፍቀጂ፤ ለአንድ ሜትርም ቢሆን። የውስጥ መስመርሽን የሚዘረጋውም ሰው የብቃት ማረጋገጫ ያለው ይሁን፤ ወረቀቱን አሳየኝ በይው፤ አትፈሪ።

3. ከቆጣሪው እስከ ማዕድ ቤትሽ ያለውን ርቀት በሜትር ለኪ። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የመብራት አገልግሎቱ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የአንቺ ነው። ቆጣሪው በውጭ በር ላይ ሲሰቀል ረጅሙ ሽቦ ወደ አንቺ ይዞራል ማለት ነው። በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይልም በአንቺ ላይ ይቆጠራል።

የእኔ 38 ሜትር ነው። ያ ጎረቤቴ ያመጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ባለ 2.5 (ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ) ሽቦ ዘርግቶልኝ ነበር። ቆጣሪው ከተመለሰልን በኋላ ባለቤቴ «እንጀራው ዓይን አላወጣም» እያለች ስትማረር እርሾው ነው እንል ነበር። አንድ ቀን የቮልት መለኪያ ተውሼ ምጣዱ እንደበራ ለካሁ፤ ቆጣሪው ጋ 216፣ ማዕድ ቤቱ ሶኬት ላይ 207። ዘጠኝ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ምጣድ የሚግለው በቮልቱ ካሬ መጠን ስለሆነ ይህ ከግለቱ ስምንት ከመቶ ያህል ይወስዳል። ማታ የሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲበራ ደግሞ መስመሩ ራሱ ዝቅ ይላል። ሽቦውን አውጥቼ ባለ 10 መዳብ በቧንቧ ውስጥ ቀበርኩ፤ ዛሬ የሚጎድለው ሁለት ቮልት ገደማ ነው። ሒሳቡን ራሴ ሠራሁት፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጎረቤቶቼ መጥተው አስለክተውኛል። የባለቤቴ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኗል።

ከበር ላይ እንዲሆን የሚፈልጉበት ምክንያት አለ፤ አልክድም። የቆጣሪ አንባቢው በር ማንኳኳት የለበትም፣ ማኅተሙም ከመንገድ ይታያል፣ ሥርቆትን መቆጣጠርም ይቀላል። ነገር ግን የአንቺ የቅድመ ክፍያ ከሆነ በየወሩ የሚያነብ ሰው የለም፤ ሌሊት ሂሳብ ሲያልቅ በጨለማ እስከ በር የምትሄጂው አንቺ ነሽ። በደቡብ አፍሪካ በብዙ ሰፈር ቆጣሪው ምሰሶ ላይ ሆኖ የቅድመ ክፍያው ቁጥር ማስገቢያ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ መንገድ አለ ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ቦታውን ቀያሹ በቆመበት መወሰኑ ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 አለ፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም አለ። እኔ የምፈልገው ከፍታው፣ ጥላው፣ ከቤቱ ያለው ርቀት፣ ለማዛወር የሚሰጠው የቀን ገደብና ወጪውን የሚሸፍነው ወገን በግልጽ ተጽፎ በየአገልግሎት መስጫው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ነው። ለአጥር ግንባታ ቆጣሪ ማዛወር አዲስ ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሰው የሚገጥመው ነገር ነው፤ እንደ እንግዳ ደራሽ ሊቆጠር አይገባም።

4. ቀያሹን «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጠኝ» በይው። በትሕትና ይሁን፤ ግን በይው። በአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ግቢሽን ሥዪ፤ ምሰሶውን፣ በሩን፣ በረንዳውን፣ ማዕድ ቤቱን፣ ርቀቶቹን በሜትር ጻፊ፤ ከማመልከቻው ጋር አያይዢው። እኔ ሁለተኛውን ማመልከቻ እንዲህ ይዤ ስቀርብ የተቀበለችኝ ወጣት ሠራተኛ ንድፉን አይታ በዚያው ሳምንት ሰው ላከችልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣት። በረንዳውን አልፈቀዱልኝም። ግን በግንቡ ውስጥ ጎድጓዳ ቦታ አስወጥቼ፣ ከላዩ ኮንክሪት አፍስሼ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሬ በእናቴ ዓይን ልክ አስቀመጥኩት። ማሳያው እንደ አዲስ ነው።

አንቺ ገና አልተሰቀለብሽም፤ አጥርሽም ግንብ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ቦታ ላይ ነሽ። ከበር እስከ ማዕድ ቤት ስንት ሜትር እንደሆነና ቀያሹ መቼ እንደሚመለስ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የትኛው ሽቦ እንደሚበቃሽ አስልቼ እመልስልሻለሁ።