የስኮትላንድ ሊግ ቱ ሊጀመር ነው፦ የ2024/25 ጥያቄና መልስ

መግቢያ፦ ይህ ጥያቄና መልስ የ2024/25 ውድድር ከመጀመሩ በፊት የተካሄደ ነው። የስኮትላንድ እግር ኳስ አራተኛው እርከን የሆነው ሊግ ቱ በፈረንጆቹ ኦገስት 2024 መጀመሪያ ላይ ይጀመራል። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። ከወዲሁ አንድ ነገር ላሳስብ፤ የጁላይ ውጤት ይዛችሁ አትምጡ። በሊግ ካፕ ምድብ ጨዋታዎች አሰልጣኞች ተጫዋች ይሞክራሉ፣ ግማሹ ቡድን ገና አልተሟላም። ከዚያ ውጤት ተነስቶ ስለ ሊጉ መናገር አይቻልም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ፣ ዋንጫውን ማን ይወስዳል?

መልስ፦ አሁን በእርግጠኝነት የሚነግርህን ሰው አትመን። በዚህ እርከን አብዛኛው ተጫዋች የአንድ ዓመት ውል ነው ያለው፤ በየውድድር ዓመቱ መጨረሻ ቡድኑ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል። ባለፈው ዓመት ዋንጫውን ያነሳው ስቴንሃውስሙየር ነው፤ በ1884 የተመሠረተ ክለብ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ ቀድሞ የጠበቀው ብዙ ሰው አልነበረም። እኔ ዓይኔን የምጥለው ፒተርሄድና ስፓርታንስ ላይ ነው፤ ሁለቱም ባለፈው ዓመት ለማደግ የማጣሪያ ጨዋታ ደርሰው ቀርተዋል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ስንት ቡድን ነው? ስንት ጨዋታ?

መልስ፦ አሥር ቡድን፣ 36 ጨዋታ። እያንዳንዱ ቡድን ከእያንዳንዱ ጋር አራት ጊዜ ይገናኛል። አንደኛው በቀጥታ ያድጋል። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያሉት ከሊግ ዋን (ከሦስተኛው እርከን) ዘጠነኛ ጋር ለአንድ ቦታ ይጫወታሉ።

ጥያቄ (ከኤዲንብራ)፦ መጨረሻ የወጣውስ? በቀጥታ ይወርዳል?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሊጉን የምከታተለውም ለዚህ ነው። እስከ 2014 ድረስ የመጨረሻው ክለብ የሚወርድበት ቦታ አልነበረም። በየዓመቱ መጨረሻ እየወጣ በሊጉ የሚቆይ ክለብ ነበር። ከ2014/15 ጀምሮ ግን በሩ ተከፈተ፤ ከሊግ ቱ በታች ያሉት የሃይላንድ ሊግ (የሰሜኑ) አሸናፊና የሎውላንድ ሊግ (የደቡቡ) አሸናፊ ይጋጠማሉ፣ የረታው ከሊግ ቱ አሥረኛ ጋር በደርሶ መልስ ይጫወታል። አንድ ዓመት ሙሉ የተሠራው ሥራ በሜይ ወር በሁለት ጨዋታ ይወሰናል።

መጀመሪያ የወደቀው ኢስት ስተርሊንግሻየር ነው፣ በ2016፣ በኤዲንብራ ሲቲ በድምር 2 ለ 1 ተሸንፎ። አሌክስ ፈርጉሰን በ1974 የአሰልጣኝነት ሥራውን የጀመረበት ክለብ ይህ ነው። በ2019 ቤሪክ ሬንጀርስ በኮቭ ሬንጀርስ በድምር 7 ለ 0 ተመታ። ቤሪክ በ1967 በስኮትላንድ ዋንጫ ታላቁን ሬንጀርስ 1 ለ 0 ያሸነፈ ክለብ ነው። በ2021 ብሬኪን ሲቲ፣ በ2022 ካውደንቢዝ፣ በ2023 አልቢዮን ሮቨርስ ተከተሉ።

ብሬኪንን ልብ በሉ። በ2017/18 በሁለተኛው እርከን 36 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አላሸነፈም፤ አራት አቻ፣ አራት ነጥብ። በዓመቱ ደግሞ ከሊግ ዋን ወረደ። በ2020 በሊግ ቱ አሥረኛ ሳለ ውድድሩ በወረርሽኙ ተቋርጦ ተረፈ፣ በ2021 ግን ኬልቲ ሃርትስ አወረደው። እስከ 2024 ድረስ አምስት ክለቦች በዚህ በር ወጥተዋል፤ እስከዚያ አንዳቸውም አልተመለሱም። የታችኛው ሊግ አሸናፊ ብቻ ነው ለማጣሪያ የሚደርሰው፣ ሁለተኛ መውጣት ዋጋ የለውም። ስለዚህ አሥረኛነትን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ስትራንራር በ2024 ኢስት ኪልብራይድን አሸንፎ ለጥቂት ነው የተረፈው። በ1870 የተመሠረተ ክለብ ነው፤ ያን ቀን ቢሸነፍ ምን ይደርስበት እንደነበር ከአምስቱ መገመት ይቻላል።

አባል (ከግላስጎው)፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በሩ ጠባብ መሆኑ ትክክል ነው። በሩን ብንከፍት ገንዘብ ያለው ሁሉ እየገባ ያበላሻል። ግሬትና የሚባለውን ክለብ አላየንም?

ሌላ አባል (ከለንደን)፦ ግሬትና የገባው በድምፅ ተመርጦ ነው እንጂ በማጣሪያ አይደለም።

አባል (ከግላስጎው)፦ ገንዘቡ ግን ያው ነው። በ2002 ገባ፣ ሦስት እርከን በሦስት ዓመት አሸነፈ፣ በ2006 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ባለሀብቱ ሲታመም በ2008 ክለቡ ፈረሰ። በከፍተኛው ሊግ ሲጫወት የራሱ ሜዳ ስላልበቃ በማዘርዌል ሜዳ ነበር የሚያስተናግደው።

ሌላ አባል (ከለንደን)፦ ታዲያ ኮቭስ? በበሩ ገብቶ ወዲያው ሊግ ቱን አሸነፈ፣ አልፈረሰም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ግሬትና የወደቀው በሩ ስለተከፈተ ሳይሆን በአንድ ሰው ኪስ ላይ ስለቆመ ነው። ስፓርታንስን ተመልከቱ፤ በሰሜን ኤዲንብራ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ለዓመታት ሲሠራ ኖሮ በ2023 በማጣሪያ ገባ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ለማደግ እስከ ማጣሪያው ፍጻሜ ደርሶ በዳምባርተን ተሸነፈ። በሩ ባይኖር ይህን ክለብ ማን ያውቀው ነበር? ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ የሴልቲክ ሁለተኛ ቡድንስ ወደ ሊግ ቱ ሊያድግ ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። በ2024/25 በሎውላንድ ሊግ ይጫወታል፣ ማደግ ግን አልተፈቀደለትም። ስለ ሴልቲክና ሬንጀርስ ሌላ ቦታ ጠይቁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ለመጀመሪያው ሳምንት ኩፖን ላይ የትኛውን ልጫወት?

መልስ፦ የትኛውንም። የውርርድ ቤቶች ይህን ሊግ የሚያቀርቡት እናንተ ስለማታውቁት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ማን እንደታመመ፣ ማን ከሥራ ፈቃድ እንዳላገኘ አታውቁም። ገንዘባችሁን ያዙ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ ከሥራ ፈቃድ ሲሉ? ተጫዋቾቹ ሥራ አላቸው?

መልስ፦ በሚገባ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ማታ ይለማመዳሉ፣ ቅዳሜ ይጫወታሉ። የብርዱ ወራት ሲመጡ ነው ችግሩ የሚታየው። ሜዳው የተፈጥሮ ሣር ከሆነ በጃንዋሪ ውርጭ ይደርቃል። ዳኛው በጠዋት መጥቶ በባዶው ሜዳ ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይሄዳል፣ ተረከዙን ይጫናል፣ ኳስ ያነጥራል፤ ኳሱ እንደ አስፋልት ከነጠረ ጨዋታው ይሰረዛል። ከስትራንራር ወደ ፒተርሄድ የሚሄደው ቡድን ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ሌሊት ተነስቶ መንገድ ላይ ነው። የተሰረዘው ጨዋታ ወደ ማክሰኞ ማታ ይዛወራል። እንግዲህ ማክሰኞ ከሰዓት ሥራ ጥሎ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ተጫውቶ፣ ሌሊት ተመልሶ ረቡዕ ጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ነው የምትፈርዱበት። በማርች ወር አንድ ቡድን ድንገት ሲንሸራተት ስታዩ መጀመሪያ የቀረውን ተስተካካይ ጨዋታ ቁጠሩ። እንደ ፎርፋር ሰው ሠራሽ ሣር ያለው ቡድን የሚተርፈው ከዚህ ነው።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ማን ያሸንፋል ይላሉ?

መልስ፦ ተመልሷል። የመጀመሪያውን መልስ አንብብ። የጁላይ ውጤት ይዛችሁ እንዳትመጡም ብያለሁ፤ ሁለት ሰዎች በግል ልካችሁልኛል።

ጥያቄ (ከኤዲንብራ)፦ ከልጆቼ ጋር የት ሄጄ ልይ?

መልስ፦ እህቴ፣ በ2024/25 ሦስት ክለቦች አሉሽ። ስፓርታንስ በኤንስሊ ፓርክ፣ ኤዲንብራ ሲቲ በሜዶባንክ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦኒሪግ ሮዝ። የቦኒሪግ ሜዳ በዓይን የሚታይ ተዳፋት አለው፤ ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ ልጆቹ ራሳቸው ይገምታሉ። ተመልካቹ ጥቂት መቶ ሰው ስለሆነ አጥሩ ላይ ተደግፋችሁ አሰልጣኙ የሚለውን ሁሉ ትሰማላችሁ። ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ጨዋታው አለመሰረዙን አረጋግጪ።

ጥያቄ (ከካርዲፍ)፦ ክላይድስ?

መልስ፦ ምኑ? ጥያቄውን ሙሉ አድርገህ ጠይቅ። የስኮትላንድን ዋንጫ ሦስት ጊዜ የወሰደ ክለብ ነው፣ ዛሬ የራሱ ሜዳ የለውም፣ በሃሚልተን ሜዳ ይጫወታል። የባለፈው ዓመት የመውረድ ስጋት እንዳይደገምበት እሠጋለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። አንድ ወኪል በሊግ ቱ የሙከራ ዕድል አገኝለታለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቆናል።

መልስ፦ አትክፈሉ። ከውጭ የሚመጣ ተጫዋች በብሪታንያ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት በብሔራዊ ቡድንና በጠንካራ ሊግ የተጫወተበት ነጥብ ይቆጠርለታል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የሚለማመድ ክለብ ደግሞ ደመወዙ ትንሽ ነው። ሰውየው የክለቡን ስም ከነገራችሁ ራሳችሁ ለክለቡ ጻፉ፤ ትናንሽ ክለቦች ስለሆኑ ይመልሳሉ። ገንዘቡን ግን ዛሬም ነገም አትስጡት።